ሰማንያ ሦስተኛው ገጽ

ትሪየስቴ ላይ ነፋሱ ስም አለው፤ ቦራ ይሉታል፤
ከካርሶ አምባ ተወርውሮ ባሕሩን በጥፊ ይመታል።
ሽማግሌ እንዳይወስድ በየመታጠፊያው ገመድ ይወጠራል፤
ጃንጥላ የዘረጋ እንግዳ ነው፤ ጥግ ሳይደርስ ይሰበራል።

በዚያ ሌሊት መብራቱንም ይዞት ሄደ፤
አራተኛው ፎቅ ላይ ምድጃው እንኳ በረደ።
ሲኞራ ኔሪና ዘጠና ዓመቷ፣ እኔ ጠባቂዋ፣ በወር ደመወዝ፤
«ቴቫ» ትለኛለች፣ «ተዋበች» ምላሷ ላይ ሲፈዝ።

ዳኒሎ፣ የልጅ ልጇ፣ ለገና ታብሌት ሰጥቷት ነበር፤
«ኖና፣ አሥር ሺህ መጽሐፍ ነው» ብሎ። እውነቱን ነው፤
አሥር ሺህ መጽሐፍ፣ ሁሉም በሚገባበት አንድ ጠባብ በር።
በሩ ዘበኛ አለው፤ «ማን ነሽ?» ይላል በየማለዳው፤
እሷ የረሳችው፣ እኔ የማላውቀው የይለፍ ቃል ነው ዕዳው።
በዚያ ሌሊት አራት በመቶ ቀርቶት፣ ቀይ ዓይኑን አፍጥጦ፣
ጠፋ፤ ጥቁር መስታወት ሆነ፣ የእኛን ፊት ብቻ አስቀምጦ።

ተነሣሁ። መጽሐፉ የት እንዳለ እጄ ያውቀዋል፤
ከሬዲዮው ጎን ነው፤ የጀርባው ክር ተተርትሮ በጨለማም ጣትን ይጠራዋል።
ሻማ ለኮስኩ። ማንነቴን ሳይጠይቅ ተገለጠ፤
ሽታው ቀድሞኝ ወጥቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ሰማንያ ሦስተኛው ገጽ ላይ የዘይት ጠብታ አለች፣ ብርሃን የሚያልፍባት፤
ሊቪዮ የጣላት፣ መርከብ በያጁ ባሏ፣ ሰርዲን እየበላ ሲያነብላት።
እዚያው የትራም ትኬት ሸጉጦ ሆስፒታል ሄደ፤ አልተመለሰም።
አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፤ እሷ ከዚያ ገጽ አልፋ አታውቅም።
ከአንድ እንጀምራለን፤ እዚያ ስንደርስ «ይብቃ» ትላለች፤
እሱ ያላነበበውን ብትሰማ የከዳችው ይመስላታል፤ ዓይኗን ትጨፍናለች።

እኔ ጣልያንኛ የተማርኩት በእነዚያ ሰማንያ ሦስት ገጾች ነው፤
ከዚያ ወዲያ ያለ ቃል ሁሉ ለእኔ ገና ያልተወለደ ነው።
አንድ ቀን አልኳት፦ «በእኛ ቋንቋ ገጽ ማለት ፊትም ነው።»
ዝም አለች። ቆይታ ጠብታዋን በጣቷ ዳሰሰች፤ «እንግዲያ ይኸው ጉንጩ ነው።»

ታብሌቱም ያው ታሪክ አለው፤ ያው ነጥብ፣ ያው ሰረዝ።
ጉንጭ ግን የለውም። የነካው ጣት ሁሉ በጨርቅ ይወለወላል፤
የሺህ ሰው ንባብ አልፎበት እንደ ተገዛበት ቀን ያብለጨልጫል።

ያን ሌሊት ግን (ነፋሱ መስኮቱን ሲደልቅ፣ እጄም በብርድ ሲርድ)
ሻማው ከቅጠሉ ኋላ ዋለ፤ ጠብታዋ በራች እንደ እሳት ፍርድ፤
በውስጧም የእርሳስ ፊደል፣ የተገላበጠ፣ እንደ ዓሣ የሚዋኝ።
ከጀርባው ጽፎ ነበር! «ሲኞራ፣ ሰማንያ አራት ላይ ጽሑፍ አለ፤ ልግለጠው? ፍቀጂልኝ።»

ብዙ ቆየች። ቦራ አንድ የሸክላ ጣራ ከጎረቤት አወረደ።
«ግለጪ» አለች፤ ድምጿ ወረደ።

ጠባብ ሕዳግ ላይ፣ በያጅ እጅ በጻፈው ወፍራም ፊደል፦
«ኔሪና፣ ሌሊት ሌሊት ስትተኚ ቀድሜሽ ጨረስኩት፤ ይህ ነው የኔ በደል።
ለአንቺ ግን ቀስ ብዬ አነብልሻለሁ።
አትፍሪ፤ ልጅቷ አትሞትም።»

«ሌባ!» አለች። ደግማ «ሌባ!» እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣
ትራሷን በቡጢ እየነረተች፣
«አሥራ አንድ ዓመት ደጅ አስጠናኝ፣ እሱ ውስጥ ተቀምጦ!
ቀጥዪ፣ ቴቫ።»
ቀጠልኩ፤ የማላውቀው ቃል ሁሉ ፊቴ ቆሞ፣ አፍጥጦ።

ሊነጋ ሲል መብራት መጣ። ታብሌቱ ነቃ፤
«ማን ናችሁ?» አለ።
የመለሰለት የለም።
መቶ ዐሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበርን፤
ልጅቷ በጣም ታማለች።